መስመሩን ማን ይዝጋው

ጩኸቱ ሲጀምር ቲቸር ወጥ ቤት ቆማ ድንች ትልጣለች። የእሳት አደጋ መኪና ዓይነት ጩኸት ነው፤ የመጣው ግን ከመንገድ አይደለም፣ ከሳሎን ነው፣ ከዚያ ከኮምፒውተሩ ጠረጴዛ። በጩኸቱ መሀል አንዲት ሴት ትንፋሽ ሳትወስድ "አደጋ! አደጋ! ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተጠቅቷል! እንዳያጠፉት!" ትላለች። ከዚያ የባሏ ድምፅ ተከተለ።

"ኧረ ጉድ ፈላ! ምን ነካሁ እኔ ሰውዬ?"

ቲቸር ቢላዋውን እንደያዘች "ምን ሆንክ?" ልትል አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። አንገቷ ላይ ባለችው ቀዳዳ አየር ፍስስ ብሎ አለፈ፣ ያ ብቻ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ሳምንታት አልፈዋል፤ አፏ ግን ወሬውን ገና አልሰማም፣ በደነገጠች ቁጥር እንደ ድሮው ይከፈታል።

እንግዲህ ነገሩ እንዲገባችሁ ስለዚህች ሴት ትንሽ ልበል። ዕድሜ ልኳን አንደኛ ክፍል ስታስተምር የኖረች ናት፤ ሰፈሩ በሙሉ፣ ያላስተማረችው ሰው ሳይቀር፣ "ቲቸር" ይላታል። ድምፅ ነበራት። ምን ዓይነት ድምፅ! ከግቢው ወዲያ ጫፍ ሆና "ተው!" ስትል የሚደባደቡት ልጆች ቀርተው የሚጮኸው ውሻም ዝም ይል ነበር። ክፉ በሽታ ያገኛት ደግሞ እዚያው ላይ ነው፣ ማንቁርቷ ላይ። ሐኪሞቹ አልሸፋፈኑላትም፤ ወይ ድምፅሽ ወይ ነፍስሽ አሏት። ሰው ምን ምርጫ አለው? ነፍሷን መረጠች።

የእህቷ ልጅ ግን እጇን አጣጥፋ አላየችም። ሚጣ ትባላለች፤ ሕፃን ሳለች የወጣላት ስም ነው፣ አሁን ኮምፒውተር ጠጋኝ ሆና፣ ባል አግብታም ያው ሚጣ ናት። "እትዬ፣ በሰው በራሱ ድምፅ የሚናገር መሣሪያ የሚሠራ ማዕከል አለ" አለቻት። "ከቀዶ ጥገናው በፊት ብዙ ዓረፍተ ነገር አንብቢና እንቅዳው። በኋላ አንቺ ትጽፊያለሽ፣ መሣሪያው በአንቺው ድምፅ ይናገራል።" ቲቸርም ማይክሮፎን ፊቷ ተተክሎ፣ ጉሮሮዋ እየቆሰለ አነበበች። ሰላምታውን፣ ምስጋናውን፣ የራት ጥሪውን፣ የሕመም ቃሉን። ከማዕከሉ የተላከው ዓረፍተ ነገር ሲያልቅ የራሷን ጨመረችበት፦ "አንተ ሰውዬ፣ ተው ብያለሁ!" ሚጣ ስትስቅባት፣ "ምን ያስቅሻል? ያለዚህ ቃል ከሱ ጋር አንድ ቀን መዋል እችላለሁ?" አለቻት።

ያ ሁሉ ንባብ ያለው እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ የለም። ሚጣ ፍላሽ ሰጥታ፣ "ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ዛሬውኑ ገልብጡበት፣ ቅዳሜ መጥቼ ለማዕከሉ እወስደዋለሁ" ብላ ነበር። እዚያ ቤት ግን አዲስ ዕቃ ቶሎ አይነካም። ፎጣው ከነላስቲኩ፣ ጃንጥላው ከነወረቀቱ፣ ብርጭቆው ከነካርቶኑ "ለደህና ቀን" ይቀመጣል። ፍላሹንም ቲቸር ራሷ በክብር ቡፌው ውስጥ ከእንግዳ ብርጭቆዎቹ ጎን አኖረችው። ደህናው ቀን ያ እንደነበረ ማን ይንገራት!

ባሏ ደግሞ ጋሽ ሄሎ ነው። የአንድ ትልቅ ፋብሪካ የስልክ ኦፕሬተር ሆኖ ነው ጡረታ የወጣው፤ በር ሲንኳኳም "ሄሎ?" ስለሚል ሰፈሩ ስሙን አወጣለት። ሥራ የጀመረ ዕለት አለቃው፣ "አንተ መስመር ነህ፤ መስመር ቀድሞ አይዘጋም፣ የሚዘጋው የደወለው ሰው ነው" ብሎት ነበር። ጋሽ ሄሎ ይህን እንደ ሃይማኖት ያዘው። ተሳዳቢ ይሁን፣ ሰካራም ይሁን፣ ቁጥር የተሳሳተ ይሁን፣ ደዋዩ ሳይዘጋ እሱ አይዘጋም። ሁለተኛው ጣጣው ጆሮው ነው፤ መስመር ላይ ትንሽ የሚንሿሿ ነገር ከሰማ እንቅልፍ አይወስደውም። የሚስቱን ንባብ ሲያዳምጥ ሰንብቶም፣ "ከኋላው የሚንሿሿ ነገር አለ፤ መጽዳት አለበት" ማለት ጀመረ። ቲቸር ምንም አልሰማችም። ጠረጴዛውን ሁለቴ መታች። በነሱ ቤት ከቀዶ ጥገናው ወዲህ አንዴ መምታት "እሺ" ነው፣ ሁለቴ መምታት "አይሆንም"። እሱ ግን ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ።

እና ዛሬ ከሰዓት እሷ ወጥ ቤት እስክትገባ ጠብቆ፣ ድምፅ በነጻ የሚያጸዳ ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ ፈለገ። አንድ ገጽ ከፈተ። "አውርድ" የሚል አረንጓዴ ቁልፍ ብልጭ ድርግም አለበት፤ ተጫነው። "ማሳወቂያ እንድንልክልዎ ይፈቅዳሉ?" ሲለውም፣ ተጠይቆ እምቢ ማለት ነውር ይመስለዋልና ፈቀደ። ያን ጊዜ ነው ስክሪኑ ከጥግ እስከ ጥግ ቀይ የሆነው። መዝጊያ የለው፣ መመለሻ የለው፤ ጩኸትና አንድ ስልክ ቁጥር ብቻ።

ቲቸር ሳሎን ስትደርስ ጋሽ ሄሎ ስልኩን እንደ ድሮ ሥራው ጆሮውና ትከሻው መሀል ሸጉጦ ነበር። የዚያ ቤት ስልክ ባለገመድ ነው፤ ሚስቱ ከጎኑ ሆና የዘመድ ወሬ እንድትሰማ ብሎ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶታል። ስለዚህ ከወዲያ ያለውን ሰው እያንዳንዷን ቃል ሰማችው።

"ይዝጉት ጌታዬ፤ ለምን ሂሳብ ይቆጥርብዎታል? እኔው መልሼ እደውላለሁ።"

ጋሽ ሄሎ ዘጋ። ወዲያው ስልኩ ጠራ። "አየሽ፣ ጨዋ ሰው ነው!" አላት ፊቱ እየበራ። "ኢንጂነር ነው፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት።"

እዚህ ላይ ልብ በሉ። አሁን ደዋዩ ያኛው ሆነ። ከእንግዲህ ጋሽ ሄሎን ሰማይ ቢወርድ ስልኩን የሚያዘጋው የለም።

"አይደንግጡ ጌታዬ፣ ከጎንዎ ነኝ። አሁን አንድ ትንሽ ፕሮግራም ይመጣልዎታል፤ 'እሺ' የሚለውን ይጫኑ።"

"እሺ፣ ተጫንኩ።"

"ጎበዝ! አሁን እጅዎን ከማውሱ ላይ ያንሱ።"

አነሳ። ቀዩ ጠፋ፣ ጩኸቱም ቆመ፤ ጋሽ ሄሎ "እፎይ!" አለ። ቲቸር ግን ክው አለች። የማውሱ ቀስት ማንም ሳይነካው ብቻውን ይሄዳል። ባዶ ቤት ውስጥ የበር እጀታ ሲዞር እንደማየት ነው። ትንሿን ነጭ ሰሌዳዋን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ፣ በትልቁ "ሌባ ነው! ዝጋው!" ብላ ጻፈችና ዓይኑ ሥር ደቀነችበት።

አነበበ። "አይ የኔ እመቤት፣ አትፍሪ" አለ አፉን ከስልኩ ዘወር አድርጎ። "ቫይረስ ገብቷል እኮ፣ በኔ ጥፋት። ድምፅሽን ሊበላው ነው። ይሄ ሰው ሊያድነን ነው።"

ቲቸር ጠረጴዛውን ሁለቴ መታች። ደግማ ሁለቴ። መዳፏ እስኪቀላ። ከዚያ ሰሌዳውን በእጅጌዋ አጥፍታ "ሚጣን ጥራ" ብላ ጻፈች። ይህ ለጋሽ ሄሎ ደህና ሐሳብ መሰለው።

"ጌታዬ፣ የባለቤቴ የእህት ልጅ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። እሷን ብጠራትስ?"

ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን ኮምፒውተር ከእርስዎ ሌላ የነካው ማን ነው?"

"እሷው ናት፣ ሌላ ማን ይነካዋል?"

"እንግዲህ ቫይረሱ በማን እጅ እንደገባ እኔ ምን አውቃለሁ?" አለ ሰውየው፣ ያዘነ በሚመስል ድምፅ። "እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ ከቅርብ ሰው ነው የሚመጣው ጌታዬ። ለጊዜው ለማንም ባይነግሩ ይሻላል።"

የቲቸር ደም ፈላ። ሚጣን! ያቺን ከሥራ ወጥታ ሆስፒታል ወለል ላይ ስታድር የከረመችውን ልጅ! በአንድ እርምጃ ደርሳ የስልኩን መንጠቆ በጣቷ ተጫነችውና መስመሩን ቆረጠችው።

"እንዴ! ሰው ላይ ስልክ ይዘጋል?" ብሎ ጮኸ ጋሽ ሄሎ፣ ሰው በጥፊ የመታች ይመስል። ስልኩ ተመልሶ ጠራ። አንድ ጊዜ እንኳ እስኪደግም አልጠበቀም። "ሄሎ! ይቅርታ ጌታዬ፣ መስመሩ ተቋርጦብን ነው፣ በጣም ይቅርታ!"

ገባት። እሷ መቶ ጊዜ ብትዘጋው መቶ ጊዜ ያነሳዋል። ይህ መስመር የሚዘጋው በሱ እጅ ብቻ ነው።

ቀስቱ ፎልደሮቹን አንድ በአንድ እየከፈተ ይዞራል። የፎቶውን ከፈተ፣ ተወው። የጡረታውን ወረቀት ከፈተ፣ ተወው። "የቲቸር ድምፅ" የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ጌታዬ፣ ይሄ ምንድን ነው? ብዙ ፋይል አለበት።"

"እሱን! እሱን ነው የምልዎት!" አለ ጋሽ ሄሎ ወደ ስክሪኑ እየጠቆመ። "የባለቤቴ ድምፅ ነው። ሌላው ቢጠፋ ይጥፋ፣ እሱን ብቻ ያትርፉልኝ። ሌላ ቅጂ የለንም።"

አይ የዋህነት! ለሌባ ወርቁ ያለበትን ሣጥን በጣት ማሳየት!

"ቅጂ የለም?" አለ ሰውየው ቀስ ብሎ። "አይዞዎት። ወደ እኛ ማዕከል ወስደን፣ አጽድተን እንመልስልዎታለን። ሥራው እስኪያልቅ ግን ኮምፒውተሩን እንዳያጠፉት፤ ካጠፉት ሁሉም ይደመሰሳል።" አፉ ቅቤ፣ ልቡ ጩቤ።

ስክሪኑ ላይ አንድ አረንጓዴ መስመር ወጣና መሙላት ጀመረ። ከሥሩ የቲቸር ፋይሎች ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ራሷ ናት የሰየመቻቸው፣ ሁሉንም በስማቸው ታውቃቸዋለች። "እንደምን አደርክ" ጠፋ። "እንኳን ደህና መጣችሁ" ጠፋ። "እግዜር ይስጥልኝ" ጠፋ። እያንዳንዱን ስታነብ ጉሮሮዋ እንዴት እንዳቃጠላት ታስታውሳለች። ከጠረጴዛው ሥር ተንበርክካ፣ የኮምፒውተሩን ሶኬት ከግድግዳው ልትነቅል እጇን ሰደደች።

ጋሽ ሄሎ እጇን ያዛት።

በትዳር ዘመናቸው እንዲህ ይዟት አያውቅም፤ ጥብቅ አድርጎ፣ አጥንቷ እስኪያማት። "እንዳትነኪው! ካጠፋነው ሁሉም ይጠፋል ብሏል! ድምፅሽን ደግሜ ልቅበረው?" አላት።

ጠላችው። በዚያች ቅጽበት ከልቧ ጠላችው። እውነቱን ታውቃለች፣ የምትለውም ነበራት፤ ግን አንዲት "ተው!" ከውስጧ አልወጣ አለች። ድሮ ውሻ ዝም ያሰኘች ሴት! ቀና ብላ ፊቱን ስታይ ግን ዓይኖቹ እንባ አቅርረዋል። እሱም የፈራው እሷ የፈራችውን ነው። አንድ ነገር ለማዳን ብለው ሁለቱ እጅ ለእጅ ተናነቁ፣ አረንጓዴው መስመር ደግሞ ይሞላል።

በተረፋት እጇ የጠረጴዛውን እግር ትደልቀው ጀመር። ሁለቴ። ሁለቴ። ሁለቴ።

"ኳኳታ እሰማለሁ ጌታዬ" አለ ስልኩ። "ሰው አለ እንዴ ከጎንዎ?"

"ባለቤቴ ናት።"

"ምን ይላሉ?"

"አትናገርም" አለ ጋሽ ሄሎ። "ድምፅ የላትም እኮ። ያላት ድምፅ እርስዎ እጅ የገባው ነው።"

ሰውየው ሳቅ አለ። ትንሽ ሳቅ ናት፣ ሸክም የቀለለው ሰው ሳቅ። "እሰየው! የማይናገሩ ከሆነ ታዲያ ማን ያስቸግረናል? ይተዉዋቸው፣ እኛ እንቀጥል።"

ጋሽ ሄሎ ጆሮውን ስልኩ ላይ ለጠፈ።

"ሄሎ? ጌታዬ? ሄሎ?" ይላል ሰውየው። ጋሽ ሄሎ አይመልስም። ዕድሜ ልኩን በጆሮው እንጀራ የበላ ሰው ነው፤ ቃል ሊሸነግለው ይችላል፣ ሳቅ ግን አያመልጠውም። ፊቱ አመድ መሰለ።

"እሰየው አለ" አላት ወደ ታች እያየ። "ሰማሽ? ድምፅ የላትም ስለው እሰየው አለኝ።"

እጇን ለቀቃት። ስልኩን ከትከሻው አወረደና፣ ሰውየው "ሄሎ" እያለ፣ ቀድሞ ዘጋበት።

"ንቀይው!" አለ።

ነቀለችው። ስክሪኑ ድርግም አለ። በዚያው ቅጽበት ስልኩ ጠራ።

ጋሽ ሄሎ እጆቹን ወደ ኋላው አጣምሮ ቆመ። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ አቋረጠ፣ ደግሞ ጠራ። በጠራ ቁጥር ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ በዚያ ቤት ስልክ ጠርቶ ሳይነሳ ሲቀር የመጀመሪያው ነው። ቲቸር ከወለሉ ተነስታ የስልኩንም ገመድ ነቀለችው። ከዚያ ሞባይሏን አውጥታ ለሚጣ ጻፈችላት፦ "ነይ። ድምፄን እየሰረቁት ነበር።"

ሚጣ ከሥራዋ በቀጥታ፣ እያለከለከች መጣች። ኮምፒውተሩን አልከፈተችውም። ሆዱን ፈትታ ሃርድ ዲስኩን አወጣችና፣ ኢንተርኔት ካልነካው ከራሷ ላፕቶፕ ጋር አገናኘችው። እጇ እየሠራ አፏም አላረፈም።

"ጋሼ፣ ስክሪን ላይ ዘሎ የወጣ ቁጥር ላይ አይደወልም! ስልክ ቁጥር ይዞ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ሌባ ነው፣ አለቀ። አልዘጋ ካለህ ማጥፊያውን ተጭነህ ድርግም ማድረግ ነው። የማታውቀው ገጽ 'ፍቀድልኝ' ሲልህ ደግሞ እምቢ በል። እምቢ ማለት ነውር የለውም!" ወደ አክስቷ ዞረች። "ፍላሹስ የታለ?"

ቲቸር ወደ ቡፌው አየች። ሚጣም አየች። ፍላሹ ከነማሸጊያው፣ ከብርጭቆዎቹ ጎን ተጎልቷል።

"ወይ እትዬ!" አለች ሚጣ። ሌላ አልጨመረችም፤ መጨመርም አላስፈለጋት።

ላፕቶፑ ይፈልጋል፣ ይፈልጋል። ጋሽ ሄሎ ወንበር ቢሰጠውም አልተቀመጠም፤ ግድግዳ ተደግፎ የሚጣን ፊት ያነባል። ቲቸር መዳፎቿን ጉልበቷ መሀል ቀብራ፣ ሁሉም ከጠፋ ይህን ሰው እንዴት አድርጌ አየዋለሁ እያለች ታስባለች። እሱስ እኔን፣ ፍላሹን ቡፌ ውስጥ የቆለፍኩትን፣ እንዴት ያየኛል?

"አለ!" አለች ሚጣ። "አብዛኛው አለ! እየወሰዱ ከዚህ ይደመስሱት ነበር፤ ትንሽ ብትቆዩ ጠቅላላ ወስደው 'ክፈሉና እንመልስ' ይሏችሁ ነበር። ማዕከሉ መሣሪያውን በዚህ ይሠራዋል፣ ይበቃል።" ዝርዝሩን ወደ ታች ስትስብ ሳቋ አመለጣት። "የሄደው ከላይ ያለው ነው፣ ሰላምታውና ምስጋናው። ከቁጣዎቹ ግን አንድም አልጎደለ።"

"ይገባኛል" አለ ጋሽ ሄሎ፣ መሳቅም ማልቀስም አቅቶት። "ከዛሬ ጀምሮ 'እንደምን አደርክ' የለም፤ ከአልጋ ስወርድ ቀጥታ ቁጣ ነው።"

ሚጣ ፋይሉ ደህና መሆኑን ለማረጋገጥ ትልቁን ማዳመጫዋን በአክስቷ ጆሮ ላይ አጠለቀችላት። "የእናንተ ስፒከር ቆርቆሮ ነው፤ በዚህ ስሚው።" አንዱን ተጫነች።

"አንተ ሰውዬ፣ ተው ብያለሁ!"

የራሷ ድምፅ ነው፣ ሙሉው፣ ያ የድሮው። ቲቸር ዓይኗን ጨፈነች። ከድምፅዋ ኋላ ግን ሌላ ነገር ሰማች። ልጅቷ እንድትደግምላት በጣቷ አሳየቻት። ተደገመ። የሚንሿሿ ነገር አለ፤ ጋሽ ሄሎ አልዋሸም። ግን የማሽን አይደለም። ከበር ኋላ አፉን በመዳፉ አፍኖ፣ በአፍንጫው እየሳበ የሚያለቅስ ሰው ነው። "ራት ቀርቧል" የሚለውን አስከፈተች፤ እዚያም አለ። "ቀስ ብለህ ሂድ" የሚለውን፤ እዚያም አለ። እሷ ስታነብ እሱ "እንዳልረብሽሽ እኔ ግቢ ልሁን" ብሎ በሩን ዘግቶ ይወጣ ነበር። ለካስ ግቢ አልሄደም።

ማዳመጫውን አውልቃ ዞር ብላ አየችው።

ጋሽ ሄሎ ወለል ወለሉን ያያል። "ላጸዳው ብዬ ነበር" አለ። "አንቺ በተናገርሽ ቁጥር እኔ ከኋላሽ ሳለቅስ እንዳትሰሚኝ።"

ሚጣ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየችና ጉሮሮዋን ጠረገች። "እትዬ፣ ይሄማ ቀላል ነው፤ እኔ ጋ እውነተኛው ማጽጃ አለ። ላጥፋው?"

ቲቸር ጠረጴዛውን ሁለቴ መታች።